ይጠይቁ፦ ከበራሪ ወረቀቱ በኋላ ሰውየው የት ይሂድ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ናቸው፤ ከካራ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከዓለም ባንክ፣ ከቡራዩ መውጫ። ጠያቂዎቹ የአእምሮ ጤና ትምህርትና መረጃ የሚሰጡ ትንንሽ ማዕከላትን የሚመሩ ወይም ሊከፍቱ ያሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ደጃቸውን የረገጡ ቤተሰቦችም አሉበት። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል። ስም አላወጣንም።

ስድስት ወጣቶች ነን። ወረዳው አንድ ክፍል ፈቅዶልናል። መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀንን በእግር ጉዞና በቲሸርት አክብረን ሥራ ልንጀምር አስበናል። የዓመቱን ዕቅድ እንዴት እናውጣ? (ከካራ)

ቲሸርቱን ለጊዜው አቆዩት። ቀኑን የዓለም የአእምሮ ጤና ፌዴሬሽን የጀመረው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚውለውም ኦክቶበር 10 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 30 መሆኑ ልክ ነው፤ ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን በተከታዩ ዓመት ወደ መስከረም 29 ይመጣል። በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ባነር ከማሳተም በፊት ይህን ማየት ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የእግር ጉዞው ሰው ይስባል፤ በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት ወንድሟን ይዛ ደጃችሁ ትቆማለች። "የት ልውሰደው?" ስትላችሁ መልሳችሁ "አማኑኤል" ብቻ ከሆነ ምንም አልነገራችኋትም፤ ያንን እሷም ታውቀዋለች። አማኑኤል በጣልያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ፣ ስሙ ከሕመሙ ጋር አንድ ላይ ይጠራል። በዚህ ምክንያት ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችለው የሚጥል በሽታና ድብርት ሳይቀር ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ እዚያ ይሰለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው አሠራር ስፔሻሊስት ያልሆኑ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሠልጥነው እነዚህን ሕመሞች በጤና ጣቢያ ያክማሉ፤ አገራችንም አሠራሩን ተቀብላዋለች። ስለዚህ ከመስከረም በፊት መሠራት ያለበት የመጀመሪያው ነገር የአገልግሎት ማውጫ ነው።

ዓመታችሁን እንደ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሩ። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ስብሰባ ብትጠሩም ሰው አይመጣም፤ ስልክ ለመደወል ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አንድ ወፍራም ደብተር ያዙና ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል አንድ ገጽ ስጡት። ገጹ ላይ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚታይበት ቀንና ሰዓት፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የሚያየው ባለሙያ ማን እንደሆነ (የሳይካትሪ ነርስ፣ ጠቅላላ ሐኪም ወይስ ሳይካትሪስት)፣ የካርድ ዋጋ፣ በዚያ ሳምንት በመድኃኒት ቤቱ ያለው መድኃኒት፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያ ይቀበል እንደሆነ፣ ከማን የሪፈር ወረቀት እንደሚፈልግ ይጻፍ። ዳር ላይ የሚኖር ሰው መታወቂያው የአዲስ አበባ ወረዳ ነው ወይስ የሸገር ከተማ? ይህን ሳትጠይቁ ከላካችሁት የካርድ መስኮት ላይ ይመለሳል፤ አንዴ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ለመሄድ ይከብደዋል።

ስትደውሉ "የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ "አዎ፣ አለ" ነው። "በዚህ ሳምንት ማን አየ? ስንት ሰው?" በሉ። የሠለጠነችው ነርስ ወደ ሌላ ጣቢያ ስትዛወር አገልግሎቱ ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል፤ በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቀራል። ማውጫው በሐምሌ፣ በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ በስልክ ይታደስ። ሦስት ወር ያለፈው መስመር ላይ በእርሳስ ይሰመርበትና እንደገና እስኪረጋገጥ ማንም አይላክበት። ከምሥራቅ በኩል ላላችሁት ኤካ ኮተቤ ይቀርባችኋል፤ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ገፈርሳ ለማገገሚያነት የኖረ ቦታ ስለሆነ ድንገተኛ ታማሚ ይዞ መሄጃ አድርጋችሁ አትጻፉት።

የቀረው ዓመት በዚህ ደብተር ላይ ይቆማል። ጳጉሜን 5 ራስን የማጥፋት መከላከል ቀን ነው፤ ይህኛው ቀኑን አይለቅም። ጥቅምትና ኅዳር የትምህርት ቤት ወራት ናቸው። አዳራሽ ሞልቶ ከሚሰጥ ንግግር ይልቅ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ልጆች አሠልጥናችሁ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ አምስት አምስት ደቂቃ ለስድስት ሳምንት እንዲያነቡ ብታደርጉ ይሻላል። የካቲት መጀመሪያ ላይ የሚጥል በሽታ ቀን አለ፤ ሁልጊዜ የፌብሩዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ነው። መጋቢት 21 የባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት፣ አንዴ የሚወርድበት ሕመም) ቀን ነው፤ ይህን በንግግር ከማክበር በቡና ላይ ከቤተሰቦች ጋር መነጋገሪያ ብታደርጉት ይቀላል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲቃረቡ የመድኃኒት ሰዓት ጥያቄ ይበዛል፤ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ከሁሉ የሚረሳው የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበት ሳምንት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ያንን ማታ እቤታቸው ነበሩ። በዚያ ሳምንት ስልካችሁ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ክፍት ይሁን፤ ለወላጆችም ቀደም ብሎ አንድ ገጽ ይድረሳቸው።

5,000 በራሪ ወረቀት አሳትመን 3,000ው ካርቶን ውስጥ ቀረ። ሰው ማንበብ አይወድም ማለት ነው? (ከዓለም ባንክ)

ማንበቡን ይወዳል። የላካችሁልንን ወረቀት አየነው፤ ስድስት ሕመም፣ ሃያ አራት ምልክት፣ ፊደሉ ባለ 9 ነጥብ፣ ጀርባው ላይ የድጋፍ ሰጪዎች አርማ። የሚደወልበት ስልክ ደግሞ አንድ ብቻ፣ እሱም ከተቀየረ ቆይቷል።

አንድ ወረቀት ስለ አንድ ነገር ይናገር። ኤ4 ለሦስት ሲታጠፍ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካጨቃችሁ ነጭ ቦታ ይጠፋና ዓይን ይሸሻል። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጽ ከሌሎቹ ጠበብ ማለት አለበት፤ 97፣ 100፣ 100 ሚሊሜትር አድርጉት። እኩል ከተከፈለ የውስጡ ገጽ ይጨማደድና ወረቀቱ አይተኛም። ፊደሉ ከ12 ነጥብ አይነስ፣ አዛውንት ለሚያነቡት 14 ይሁን። በኛ ፊደል ላይ ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። "ሉ" እና "ለ"ን፣ "ጸ" እና "ጽ"ን የሚለየው አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ኮፒው ደግሞ እንደገና ኮፒ ሲደረግ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ኮፒ ማድረጋቸው አይቀርም።

ወደ ማተሚያ ቤት በዎርድ ፋይል አትላኩ። እናንተ በፓወር ግእዝ ጽፋችሁት እነሱ ዘንድ ፎንቱ ከሌለ ወረቀቱ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ፎንቱ የተያያዘበት ፒዲኤፍ ላኩና የመጀመሪያውን ናሙና በወረቀት ላይ አይታችሁ ፈርሙ።

ከማሳተማችሁ በፊት ለስምንት ሰው አስነብቡ። ከእነሱ ቢያንስ ሦስቱ አራተኛ ክፍል አካባቢ ያቆሙ ይሁኑ። "ገባህ?" አትበሉ፣ ሁሉም "ገብቶኛል" ይላል። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላችሁ "አሁን ወንድምህ እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?" በሉት። ሁለት ሰው የተሳሳተበት ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ። "የስሜት መዋዠቅ" የሚለውን ማንም በቤቱ አይለውም። "አንዴ በደስታ አይተኛም፣ አንዴ ከአልጋ አይነሳም" በሉት። ዳርቻው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የበዛበት ስለሆነም በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ከአማርኛው ቃል በቃል የተመለሰ ሳይሆን በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው እንደ አዲስ የጻፈው ይሁን።

መጀመሪያ 500 ብቻ አሳትሙ። ለስልክ ቁጥር ባዶ ሳጥን ተዉለትና በየጊዜው የሚቀየረውን በጎማ ማኅተም ምቱበት። ማኅተም ማሠራት ርካሽ ነው፤ 3,000 ወረቀት መጣል ግን ውድ ነው።

በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ለማዕከሉ ልጆች ሃያ ደቂቃ ሰጥተናቸው ነበር። ግማሹ ሰው ከፍሎ ወጣ፣ የቀረው ስለ ቡዳና ስለ መንፈስ ተከራከረ። ድጋሚ ብንጠራቸው ምን ይስተካከል? (የእድር ጸሐፊ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

በመጀመሪያ ሰዓቱ። ከስም ጥሪው በኋላ፣ የቅጣት ጉዳይ ከመነሳቱ በፊት አስገቧቸው። ስለ ቅጣት ክርክር ከተጀመረ በኋላ ጆሮ የሚሰጥ የለም፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አይኖርም።

ቀጥሎ ርዕሱ። "የአእምሮ ጤና ምንድን ነው" የሚል ንግግር ሁሉንም ነገር ስለሚነካ የትኛውም ነገር ልብ ውስጥ አይቀርም። በመጀመሪያው ቀን የሚጥል በሽታን ብቻ ያንሱ ይበሏቸው። ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፣ በጤና ጣቢያ ይታከማል፣ በዚያው ቀን የሚማሩት ነገርም አለ። አንድ ወጣት መሬት ላይ ይተኛና ያሳዩ፤ ጋቢ ታጥፎ ከራሱ ሥር ይግባ፣ እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ ይራቅ፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ ይዙር፣ ሰዓት ይታይ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አይገባም፣ እጅና እግሩ አይጨመቅም፣ ክብሪት ተጭሮ አይሸተትም። የክብሪቱ ጭስ የሚያነቃው የሚመስለው መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ በራሱ ስለሚያቆም ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ሁለተኛ ከጀመረው ወደ ሐኪም ቤት። በሽታው በለሐጭ አይተላለፍም፤ ይህ ሁለት ጊዜ ይነገር። እሳት ላይ ወድቆ ሰው አልነካም ብሎ የተቃጠለ ልጅ ያለበት ሰፈር ጥቂት አይደለም።

የቡዳውን ክርክር አይግቡበት። ተናጋሪው "ምክንያቱን ለመከራከር አልመጣንም፤ ልጁ እንዳይወድቅ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፣ ጸሎቱንም ጸበሉንም አይከለክልም" ብሎ ይለፍ። አሥር ደቂቃ ንግግር፣ አሥር ደቂቃ ጥያቄ፣ ከዚያ ማዕከሉ ወዲያው አይሂድ፤ ወንበር እየሰበሰበ ይቆይ። ዋናው ጥያቄ ያኔ ነው የሚመጣው፣ ሰዉ ሲበተን፣ በሹክሹክታ።

ከዚህ ሹክሹክታ ውስጥ አንዱ "እቤት ታስሮ ያለ ሰው አለን" የሚል ሊሆን ይችላል። ካሜራና ፖሊስ ይዞ መሄድ ቤተሰቡን በሩን ያስዘጋዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይዞ መሄድ፣ መጀመሪያም "ለምን ፈታችሁት አትለቁትም?" ሳይሆን "ስትፈቱት ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ነው። መኪና ውስጥ ይገባል፣ እናቱን ይመታል፣ ጠፍቶ ይከርማል፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ሰንሰለቱ በስሜት ተፈትቶ መድኃኒት ካልተጀመረ በሳምንቱ ተመልሶ ይታሰራል። ሕክምናው የሚጀመርበት ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማታ ማታ አብሮት የሚያድረው ሰው፣ ለትራንስፖርት ከእድሩ የሚወጣው ገንዘብ፣ እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ይፈታ።

በጎ ፈቃደኛ ነኝ። አንድ ሰው "መኖር ሰልችቶኛል" ቢለኝ ምን ላድርግ? ብጠይቀው ሐሳቡን የማስገባበት ይመስለኛል። (ከኮዬ ፈጬ)

አታስገቢበትም። በቀጥታ መጠየቅ ሰውን ወደዚያ እንደማይገፋው የታወቀ ነው፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። ቃሉን ሳትሸፍኚ ጠይቂ፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" "አዎ" ካለ፣ በምን እንዳሰበ፣ መቼ እንዳሰበ፣ ያሰበበት ነገር አሁን እጁ ላይ እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ሞክሮ እንደሆነ ጠይቂ። "ኃጢአት ነው"፣ "ለልጆችህ አታስብም?" የሚለውን ተይው፤ ያን ለራሱ ስንት ጊዜ ብሎታል።

ዕቅድና መንገድ ያለው ሰው ለደቂቃም ብቻውን አይቀመጥ። ወረቀት ሰጥተሽ አትሸኚው፤ አብረሽው ሂጂ፣ ወይም እሱ የመረጠው ዘመድ መጥቶ እስኪረከብሽ ቆዪ። ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ አምቡላንስ ካስፈለገ ቀይ መስቀል 907 ነው። ቤት ውስጥ ያለው የአይጥ መርዝ፣ የእርሻ ፀረ ተባይና የተጠራቀመ መድኃኒት ወደ ጎረቤት ይሂድ፤ ደብቆ ማስቀመጥ አይበቃም። ሐኪሙም መድኃኒት ሲያዝለት በአንድ ጊዜ የብዙ ወር እንዳይሰጠው ንገሩት፤ በተለይ የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን ከመጠን ሲያልፍ ልብ ያቆማል። የጠጣው ነገር ካለ ወተት አትስጡ፣ አታስመልሱ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ሩጡ።

ቤተሰብ አንዳንዴ ፖሊስ ፈርቶ ይደብቃል። በሕጋችን ወንጀሉ ሌላውን ሰው ገፋፍቶ ወይም ረድቶ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ነው እንጂ የሞከረው ሰው አይከሰስም። ይህን በግልጽ ንገሪያቸው። በማግስቱ ደውዪ፤ ከዚያ ለሁለት ወር በየሳምንቱ። ማታ ደግሞ ለአስተባባሪሽ ንገሪ፣ ብቻሽን ይዘሽው አትደሪ።

ልጄ ድምፅ ይሰማኛል እያለ ታሞብኝ ነበር፤ መድኃኒት ከጀመረ ሰባት ወሩ ነው፣ ተመስገን ደህና ሆኖልኛል። ጾሙ ሲገባ ጸበል ልወስደው ነው፤ እዚያ መድኃኒት ይቆማል ብለውኛል። ማዕከሉ ያሉት ልጆች "ጸበል አይሂዱ" ብለው አስቀየሙኝ። (አንዲት እናት)

እናታችን፣ ልጆቹ እንደዚያ ማለት አልነበረባቸውም። ጸበሉን ይሂዱ። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ።

እንዲህ ላለ ሕመም ሐኪሞች ደህና ከሆነ በኋላም ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር እንዲወስድ ያዛሉ። በሰባተኛው ወር ቢቆም ወዲያው ላይታመም ይችላል፤ ነገሩን ክፉ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ድብታውና የአፍ ድርቀቱ ስለሚለቀው እንዲያውም የተሻለው ይመስላል። ሕመሙ የሚመለሰው ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ፣ ሁሉም ሰው መድኃኒቱን ከረሳው በኋላ ነው። ያኔ ማንም ከመቆሙ ጋር አያገናኘውም።

ከመሄድዎ ሁለት ሳምንት ቀድመው ሐኪሙ ዘንድ ይግቡና ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ በቀን ሁለቴ የሚወስደው ወደ ማታ አንድ ጊዜ ይጠቃለል እንደሆነ። ሁለተኛ፣ በየወሩ አካባቢ የሚወጋው መርፌ ይሆነው እንደሆነ፤ ከሆነ ተወግቶ ይሄዳል፣ እዚያ የሚዋጥ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ለሚቆይበት ቀን በሙሉና ለተጨማሪ አምስት ቀን የሚበቃ መድኃኒት እንዲያዝለት፤ መኪና ይጠፋል፣ ቀን ይጨመራል። ከንስሐ አባቱ ጋርም ቀድመው ይነጋገሩ፤ የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ እሳቸው ይነግሩዎታል። እዚያ ሳለ አንገቱ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ከቀረ መንፈስ ነው እንዳይባል። የአንዳንዱ መድኃኒት ጠባይ ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ከደረሰ በመርፌ ወይም በኪኒን ይፈታል።

ይህን ለሚያነቡ የማዕከል ሠራተኞች አንድ ነገር እንጨምር፦ የባይፖላር መድኃኒት የሆነውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ከጾም በፊት ሐኪሙን ማግኘት ግዴታው ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ደግሞ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ያመጣል። እነዚህ ሁለቱ በግድግዳችሁ ላይ ይለጠፉ።

በዓመታዊ ሪፖርታችን "12,000 ሰው አስተማርን" ብለን ብንጽፍ ለጋሹ "ምን ተለወጠ?" አለን። ምን እንቁጠር? (ከቡራዩ መውጫ)

ለጋሹ ልክ ነው። የተሰበሰበ ሕዝብ ቁጥር ድምፅ ማጉያው የት ድረስ እንደተሰማ ነው የሚናገረው።

የላካችሁት ሰው ደረሰ ወይ? ተመለሰ ወይ? ቁጥራችሁ ይህ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ ሦስት ክፍል ወረቀት ነው። ሃምሳ ቅጠል በጥራዝ፣ እያንዳንዱ ቅጠል በሁለት ቦታ ተበስቶ የሚቀደድ። ግራው ጉርድ እናንተ ጋ ይቀራል፦ የመለያ ቁጥር፣ ቀን፣ የተላከበት ቦታ፣ ስልክ። መካከለኛውን ሰውየው ይዞ ይሄዳል፦ የጤና ጣቢያው ስም፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ። ቀኙን ባለሙያው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ያስቀረዋል። የሕመም ስም የትኛውም ክፍል ላይ አይጻፍ፤ ወረቀቱ ከኪስ ይወድቃል፣ ሚስት ልብስ ስታጥብ ታገኘዋለች፣ አሠሪ ያየዋል። የማዕከሉ አርማም ላዩ ላይ ባይኖር ይመረጣል። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው መዝገብ በቁልፍ ይቀመጥ፤ በ2016 የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ለይቶ ይጠብቀዋል።

የሚበላሸው የቀኙ ክፍል ላይ ነው። የጤና ጣቢያው ሰው ሥራ በዝቶበት ይጥለዋል። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አንድ ሰው ጥራዙን ይዞ በአካል ይሂድ፣ ከእነሱ መዝገብ ላይ ቁጥር ያስተያይ። አሥር ቀን ሆኖት ያልደረሰውን በስልክ ጠይቁ፤ ስልኩ የባል ወይም የጎረቤት ሊሆን ስለሚችል ግን ሲጀመር "ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን ልበል?" ብላችሁ ተስማሙ።

በዓመቱ መጨረሻ አራት ቁጥር ይበቃል፦ ስንት ላክን፣ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ በሦስተኛው ወር ሕክምናው ላይ ነበር፣ ያልደረሱት ለምን ቀሩ። አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። "የትራንስፖርት"፣ "ባለሙያዋ አልነበረችም"፣ "መድኃኒት አልቋል"፣ "ቤተሰብ ከለከለ" እያላችሁ ስትደምሩት የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከዚያ ይወጣል። ከላካችሁት 100 ሰው 40ው ብቻ ደርሶ ከሆነም እንዳለ ጻፉት። በጀቱን በሚመለከት፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። የቢሮ ኪራይ፣ መብራትና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ እዚያ ይገባሉ፤ የጤና ጣቢያ ጉብኝቱንና የስልክ ክትትሉን ግን በፕሮግራሙ ሥር እንደ ሥራ አቅዱት፣ ነውም።

የዳነ ሰው ቃለ ምልልስ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ብንለቅስ?

ሕመሙ ላይ ያለን ሰው በጭራሽ። የዳነ ከሆነና ራሱ ከፈለገ፣ ፊልሙን አይቶ ሁለት ሳምንት ያስብበት። ከተለቀቀ በኋላ መልሶ ማጥፋት እንደማይቻል፣ ለትዳርም ለሥራም ሲፈለግ ሰው እንደሚያገኘው በግልጽ ይነገረው። ከሁለት ሳምንት በኋላም "እሺ" ካለ፣ ያኔ ይሁን።

ባለ ዘጠኝ ጥያቄውን የድብርት መጠይቅ በጎ ፈቃደኞች ሊያስሞሉ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ የአማርኛው ትርጉም በአገራችን ተፈትኗል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ነጥቡ ምርመራ አይደለም፤ "ድብርት አለብህ" ብሎ የሚናገር ባለሙያ ብቻ ነው። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ወደ ፋይል ከመክተታችሁ በፊት ግን ዘጠነኛውን ጥያቄ እዩት፣ ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ ሳለ። ስለ ሞት የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ከዜሮ ሌላ መልስ ካለ ለኮዬ ፈጬዋ ጠያቂ የሰጠነው መልስ ላይ ያለው ይጀመራል።

ክፍላችን በኮምፔንሳቶ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሰው የሚገባ አይመስልም። በር ላይ "የአእምሮ ጤና ማዕከል" ብለን በትልቁ ጽፈናል።

ጽሑፉን "የጤና መረጃ" አድርጉትና ዝርዝሩን ውስጥ ለጥፉት። ከታክሲ ማቆሚያ ፊት ለፊት ባለ በር ስር ማንም ለዚህ ጉዳይ ሲገባ መታየት አይፈልግም፤ የጓሮ በር ካለ ክፈቱት። ጠረጴዛውን ከመሀል አንሱ፣ ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ዘወር አድርጋችሁ አስቀምጡ። ኮምፔንሳቶው እስከ ጣሪያ ካልደረሰ የሚነገረው ሁሉ ወዲያ ማዶ ይሰማል። እስክትሞሉት ድረስ ሬዲዮ ክፈቱ፤ የሚቀመጠው ግን ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጋ እንጂ እናንተ ጋ አይደለም።